የልብ ድካም ያለበት ሰው የስኳር መድኃኒቱን እንዴት ይፈትሽ?

የስኳር መድኃኒት ሁሉ ለልብ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ሰውነት ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል። አንዳንዱ ደግሞ ስኳር ለሌለበት የልብ ሕመምተኛ ጭምር ይታዘዛል። ስለዚህ ስኳርም የልብ ድካምም ያለበት ሰው «ስኳሬ ወርዷል፣ ምን ቀረኝ?» ማለት አይበቃውም።

መጀመሪያ የምትወስዱትን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጡ። ትልቁን የንግድ ስም ተዉትና ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም አንብቡ። ሳጥኑ ላይ «15/850» ዓይነት ቁጥር ካያችሁ አንዱ ኪኒን ሁለት መድኃኒት ይዟል ማለት ነው። ሜትፎርሚን ብቻ የመሰላችሁ ኪኒን ውስጥ ፒዮግሊታዞን ሊኖር ይችላል።

ቀድማችሁ መፈለግ ያለባችሁም እሱኑ ነው። ፒዮግሊታዞንና ዘመዱ ሮሲግሊታዞን ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋሉ። እግር ያብጣል፣ ኪሎ ይጨምራል፣ ደካማው ልብ ደግሞ ያን ሁሉ መግፋት ያቅተዋል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2007 እ.ኤ.አ. በሁለቱም ላይ ከሁሉ የከበደውን ማስጠንቀቂያ አስጽፏል። ካገኛችሁት ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ለሐኪማችሁ ዛሬውኑ ደውሉ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፤ ምትክ ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ ሳክሳግሊፕቲንና አሎግሊፕቲን አሉ። በ2013 በወጣ ከ16 ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ሳክሳግሊፕቲን ከወሰዱት 3.5 በመቶዎቹ በልብ ድካም ሆስፒታል ገብተዋል። ካልወሰዱት 2.8 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ልቡ ቀድሞ ለደከመ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። የስም መመሳሰል እንዳያሳስታችሁ፦ ሲታግሊፕቲን በ2015 ሲጠና እንዲህ ያለ ጭማሪ አልታየበትም።

ሜትፎርሚን ያለ ኃጢአቱ ስሙ ጠፍቶ የኖረ መድኃኒት ነው። ድሮ ለልብ ድካም ክልክል ነበር፤ ዛሬ ሕመሙ ከተረጋጋና ኩላሊት ከሠራ ይወሰዳል። ስለዚህ የመጨረሻውን የኩላሊት ምርመራ ውጤት ፈልጉ። የኩላሊት የማጣራት አቅም (ወረቀቱ ላይ eGFR የሚለው ቁጥር) ከ30 በታች ከሆነ ሜትፎርሚን ይቆማል። የልብ ድካሙ ድንገት ተባብሶ ሆስፒታል ከተገባም ለጊዜው ሊቆም ይችላል።

አሁን ወደ ጥሩው ዜና። ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን ስኳርን በሽንት ያስወጣሉ፣ አብረውም ጨውና ውሃ ይወጣል። በ2019 ይፋ በሆነ ጥናት ዳፓግሊፍሎዚን የልብ ድካም መባባስን ቀንሷል፤ ስኳር በሌለባቸው ሰዎችም ጭምር። ዝርዝራችሁ ውስጥ ከሌሉ «ለእኔ ይሆናሉ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እነሱም ቢሆኑ ጣጣ አላቸው። የብልት ፈንገስ የተለመደ ነው። የሚያሸና መድኃኒት አብራችሁ የምትወስዱ ከሆነ ሰውነት ሊደርቅ ስለሚችል መጠኑ መታየት አለበት። ቀዶ ሕክምና ካለባችሁ ብዙ ጊዜ 3 ቀን ቀድመው ይቆማሉ። ታማችሁ ምግብ እምቢ ሲላችሁ፣ ሲያስመልሳችሁ ወይም ሲያስቀምጣችሁም እንዲሁ ሐኪም ጠይቃችሁ ታቆሟቸዋላችሁ። ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመምና ፈጣን ትንፋሽ ከመጡ፣ የስኳር መለኪያው ደህና ቁጥር ቢያሳይም ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ደም አሲዳማ እየሆነ ሊሆን ይችላል።

ኢንሱሊንና ግሊቤንክላማይድ የሚያሰጉት ስኳርን ከልክ በላይ ስለሚያወርዱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ለልብ ድካም የሚሰጡት እንደ ካርቬዲሎልና ሜቶፕሮሎል ያሉ መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚያረጋጉ፣ ስኳር ሲወርድ የሚመጣውን የልብ መምታት ይደብቃሉ። ላብ ግን አይደበቅም። ያለ ምክንያት ካላባችሁ ስኳራችሁን ለኩ። ኢንሱሊንም ትንሽ ውሃ ይይዛል፤ ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው ግን መቼም ሊያቆመው አይችልም።

መድኃኒት ከተቀየረ በኋላ ዋናው ዳኛ ሚዛን ነው። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳትበሉ፣ በተመሳሳይ ልብስ ተመዘኑና ጻፉት። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመራችሁ ስብ አይደለም፣ ውሃ ነው፤ ደውሉ። ጋደም ስትሉ ትንፋሽ ካጠራችሁ ግን ስልኩንም ተዉትና ሆስፒታል ሂዱ።

ፋርማሲ ስትሄዱም አንድ ነገር ያዙ። ለራስ ምታት ወይም ለወገብ ብላችሁ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በራሳችሁ አትግዙ። የስኳር መድኃኒት ባይሆኑም ውሃ ይይዛሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። «የልብ ድካም አለብኝ» ብላችሁ ሌላ ማስታገሻ ጠይቁ።