ርካሽ ሜገር እንዴት ይመረጣል? አልፎ አልፎ ለሚጠቀሙ ሰዎች

የኤሌክትሪክ ሽቦን ሽፋን ጤንነት በመልቲሜትር ለመመርመር መሞከር ከንቱ ድካም ነው። መልቲሜትር ኦም ሲለካ የሚልከው ጥቂት ቮልት ብቻ ነው። እርጥበት የገባበት ወይም የተሰነጠቀ ሽፋን ይህን ያህሉን ችሎ ያልፋል፤ የመስመሩ ሙሉ ቮልቴጅ ሲመጣበት ግን ይረታል። የኢንሱሌሽን መለኪያ፣ ባለሙያዎች በተለምዶ ሜገር የሚሉት መሣሪያ፣ 250፣ 500 ወይም 1000 ቮልት ዲሲ ፈጥሮ በሽፋኑ ሾልኮ የሚያልፈውን እጅግ አነስተኛ ኮረንቲ ይለካል፤ ውጤቱን የሚያሳየው በሜጋ ኦም ነው። በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚነሳ ሥራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ርካሹ መሣሪያ የት ላይ ሊያታልል እንደሚችል ማወቅ ግን ግድ ነው።

መጀመሪያ ምን እንደሚለኩ ይወስኑ። ለቤት መስመር፣ ለውሃ ፓምፕ፣ ለውሃ ማሞቂያ እና ለአነስተኛ ሞተር 250 እና 500 ቮልት ይበቃል። አይኢሲ 60364 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እስከ 500 ቮልት የሚሠሩ መስመሮች በ500 ቮልት ዲሲ ሲለኩ ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም እንዲያሳዩ ይጠይቃል። 2500 እና 5000 ቮልት የሚፈጥሩት ለከፍተኛ ቮልቴጅ ኬብሎችና ለትልልቅ ሞተሮች ናቸው፤ ለእነሱ የሚከፍሉት ትርፍ ገንዘብ ያለ ጥቅም ይቀራል። ሥራው አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከመግዛት መከራየት ወይም ከሚያውቁት ባለሙያ መዋስ ይሻላል።

ቀጥሎ ወደ መግለጫ ወረቀቱ ይሂዱ። ብዙ ገዢ በስፋቱ ይማረካል፤ አንዱ እስከ 2 ሺህ ሜጋ ኦም፣ ሌላው እስከ 20 ሺህ ይላል። ለእርስዎ ውሳኔ የሚሰጠው ግን ከ0.5 እስከ 10 ሜጋ ኦም ያለው ጠባብ ክልል ነው፤ ሽፋኑ ደህና ነው ወይስ ታሟል የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው እዚያ ነው። ስለዚህ አንድ መስመር ፈልገው ያንብቡ፦ መሣሪያው የተባለውን ቮልት ይዞ ቢያንስ 1 ሚሊ አምፔር መስጠት ይችላል? የእነዚህ መለኪያዎች ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው አይኢሲ 61557 የሚጠይቀው ይህንን ነው። አቅም የሌለው መሣሪያ ደካማ ሽፋን ሲገጥመው ቮልቱ ይወርድና 500 የተባለው 200 ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። ያን ጊዜ ፈተናው በስም ብቻ ይቀራል። ይህ ቁጥር በመግለጫው ላይ ጨርሶ ከሌለ ሌላ መሣሪያ ይፈልጉ።

በደህንነት በኩል ዋጋ ለመቀነስ ብለው የማይተዉዋቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ካት ሦስት 600 ቮልት (CAT III 600V) የሚል ምልክት ነው፤ መሣሪያው በሕንፃ ቋሚ መስመር ላይ የሚመጣን ድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪ እንደሚቋቋም ያሳያል፤ በመሣሪያው ላይ ብቻ ሳይሆን በገመዶቹም ላይ ሊኖር ይገባል። ሁለተኛው፣ መስመሩ ላይ ኤሌክትሪክ ካለ የሚያስጠነቅቅና መለካት የማይጀምር መሆኑ ነው። ሦስተኛው ልኬቱ ሲያበቃ በኬብሉ ውስጥ የተጠራቀመውን ቻርጅ በራሱ የሚያወርድ መሆኑ ነው። ረጅም ኬብል ከተለካ በኋላ ቻርጁን ይዞ ይቆያል፤ መሰላል ላይ የቆመን ሰው አስደንግጦ ለመጣል ይበቃል።

ስለ ባትሪ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። በየትም የሚገኝ ተራ ድንጋይ የሚጠቀመውን ይምረጡ፤ ሲያስቀምጡት ድንጋዩን ያውጡ፣ አለበለዚያ ፈሳሹ ውስጡን ይበላዋል። በእጅ የሚዞረው አሮጌ ሜገርም ጄኔሬተሩና ገመዶቹ ደህና ከሆኑ ለዓመታት ቢቀመጥ የማይሰንፍ መልካም አማራጭ ነው።

መሣሪያው እጅዎ እንደገባ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ይፈትኑት። ገመዶቹን ለያይተው ሲጫኑ ከመለኪያው አቅም በላይ፣ አገናኝተው ሲጫኑ ዜሮ ማሳየት አለበት። ከዚያ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ኦም የሆኑ አምስት ሬዚስተሮችን በተከታታይ በብየዳ ያያይዙ፤ ድምራቸው 0.5 ሜጋ ኦም ይሆናል። ሜገሩን በሁለቱ ጫፎች፣ መልቲሜትሩን በዲሲ ቮልት ላይ አድርገው በአንዷ ሬዚስተር ላይ ብቻ በመቆንጠጫ ያስይዙ። እጅዎን ከሽቦዎቹ አርቀው በ500 ቮልት ይለኩ። ሜገሩ 0.5 ሜጋ ኦም አካባቢ፣ መልቲሜትሩ ደግሞ 100 ቮልት አካባቢ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ካነበበ መሣሪያው ቃሉን ጠብቋል። መልቲሜትሩ 50 ካለ ግን ሜገሩ 500 እያለ የሚሰጠው 250 ቮልት ነው፤ ይመልሱት። አንድ ሬዚስተር ብቻ የማንጠቀመው ተራዎቹ 500 ቮልት ብቻቸውን እንዲሸከሙ ስላልተሠሩ ነው።

ወደ ሥራው ሲገቡ መስመሩን ከዋናው ያጥፉ፣ መጥፋቱንም በመለኪያ ያረጋግጡ። አምፖሎችን፣ ቻርጀሮችንና የቮልቴጅ መከላከያዎችን ይንቀሉ። ኤሌክትሮኒክስ ያለበትና የማይነቀል ነገር ከገጠመዎት ፌዝና ኒውትራሉን አንድ ላይ አስረው ከመሬት ሽቦው ጋር በ250 ቮልት ይለኩ። ቁጥሩን ከቀኑና ከአየሩ ሁኔታ ጋር ይጻፉት፤ ሙቀትና እርጥበት ንባቡን ያወርዱታል። ባለፈው ዓመት 200 ሜጋ ኦም የነበረ ፓምፕ በተመሳሳይ አየር ዛሬ 8 ካነበበ፣ ከዝቅተኛው ገደብ በላይ ቢሆንም ውሃ የሚገባበትን ቦታ መፈለግ መጀመር አለብዎት።