ኮካ ለምታሰግሩም አዳማ ለምትገዙም፦ ክረምት ላይ ቢልጫን እንዴት እናትርፈው

ሰላም ወገኖች፣ እኔ ከኮካ አሳ እያመጣሁ አዳማ ላይ ለምግብ ቤቶች ሳቀርብ ዓመታት አልፈዋል፣ ሰኔ በገባ ቁጥር ቢልጫ የሚባለው አሳ ነገር ሆዴን ስለሚበላኝ ዝናቡ ሳይጠነክር ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ነገሩ ከግድቡ ይጀምራል። ኮካ በ1952 ዓ.ም ሲያልቅ አዋሽ ለሁለት ተቆረጠ፣ ወንጂ በኩል ያለው አሳ ግድቡን አልፎ ወደ ላይ መውጣት አይችልም፣ ከላይ የቀረው ደግሞ ግድቡ በፈጠረው ሀይቅ ውስጥ ሆነ። ለቆሮሶ (ቲላፒያ ለሚባለው አሳ) ሀይቁ ተመችቶታል፣ እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ስለምትፈለፍል ወንዝ አያስፈልጋትም። ቢልጫ ግን ሌላ ነው። ሀይቅ ውስጥ በልቶ ያድጋል፣ ለመራባት ግን የሚፈስ ውሃና ንፁህ ጠጠር ስለሚፈልግ ክረምት ሲገባ በአዋሽና በሞጆ ወንዝ ሽቅብ ይወጣል። የታችኛውን መንገድ ግድቡ ዘግቶታል፣ የቀረውን የላይኛውን ደግሞ እኛው በመረብ እየዘጋንበት ነው።

እና ምን እናድርግ? መጀመሪያ ሆዱን ማየት ልመዱ። ቢልጫ ስትይዙ በአውራ ጣታችሁ ከደረቱ ወደ ጅራቱ ቀስ አድርጋችሁ እሹት፣ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ ወንድ ነው፣ ፍሬ ፍሬ ያለ እንቁላል ከወጣ ሴት ናት፣ ሁለቱም ደርሰዋል ማለት ነው። በህይወት ካለች እጃችሁን አርጥባችሁ ያዟትና መልሷት፣ በደረቅ እጅ ከያዛችኋት ላይዋ ላይ ያለው ዝልግልግ ይላጥና ትታመማለች። አንድ ሐምሌ ላይ ጭነት ሙሉ ቢልጫ ተረከብኩ፣ ክብደታቸው ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሲሰነጠቁ ግን ባልዲው በእንቁላል ሞላ፣ የሚያፀዱልን እትዬም ቢላዋቸውን አስቀምጠው "ልጄ ይሄን ሁሉ የት ልድፋው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሁለተኛውና ዋናው የመረብ ቦታ ነው። ወንዙ ሀይቁን የሚገናኝበት አፍ ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም አትዘርጉ። አሳው ሽቅብ ለመውጣት እዛ ስለሚሰበሰብ በአንድ ሌሊት ብዙ ይያዛል፣ ያ ነው የሚያታልለው። ጣና ላይ የሆነውን እዩ፣ በክረምት የወንዝ አፍ ላይ እየተዘረጋ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት የቢልጫ ዘመዶች በፈረንጅ ከ1991 እስከ 2001 ባለው አስር ዓመት ሀይቁ ውስጥ ያሉት ጠቅላላ ክብደታቸው ወደ 75 በመቶ ቀንሷል፣ ያኔ እኮ ጣና በሚገባው ርብ ወንዝ ላይ ግድብ እንኳን አልተሰራም ነበር። እኛ ጋ ግድቡም አለ መረቡም አለ። በነዚህ ወራት ከወንዙ አፍ ርቃችሁ ቆሮሶና ካርፕ ላይ ስሩ፣ ዳር ላይ ውሃ የገባበትን ሳርም ተዉት፣ አምባዛ እንቁላሉን የሚጥለው እዛ ነው።

ከወንዙ ጠጠር የምታወጡ ካላችሁ በክረምት ብታቆሙ ጥሩ ነው፣ ደለል እንቁላሉን አፍኖ ይገለዋል።

ሌላው፣ ማህበር ያላችሁ ደብተር ያዙ። ዳር ላይ ምልክት ያለው እንጨት ትከሉና ውሃው በሳምንት ስንት ጣት እንደወረደ፣ ያን ቀን ምን አሳ ስንት እንደተያዘ ፃፉ። ውሃው በአንዴ ሲለቀቅ ጥልቀት በሌለው ዳር ያሉት የአሳ ጫጩቶች ደረቅ ላይ ይቀራሉ፣ ግድቡን የሚያስተዳድሩት ጋ ሄዳችሁ ቀስ እያላችሁ ልቀቁ ለማለት ደብተሩ ከአፍ ወሬ ይሻላል። የአሳ ሀብቱን አዋጅ ቁጥር 315/1995ንም ጥቀሱላቸው።

አንዳንዱ ሰው እንደ ፈረንጅ አገር ለአሳው መሰላል፣ ማለትም ግድቡን የሚወጣበት የውሃ ደረጃ ይሰራለት ይላል፣ ሀሳቡን አልጠላውም፣ ግን ብዙዎቹ የተሰሩት ዘሎ ለሚወጣው ሳልመን ነው፣ ለቢልጫ በራሱ አቅም ተለክቶ መሰራት አለበት፣ የወጣው አሳና ጫጩቱም ተርባይን ሳይፈጨው መውረድ አለበት። እስከዛው ክፍት የሆነውን ወንዝ አንዝጋ።

አዳማ ያላችሁ ገዢዎች ደግሞ በክረምት ቆሮሶ ጠይቁ። እኔ ከሰኔ 15 ጀምሮ እንቁላል የያዘ ቢልጫ አልረከብም፣ አሳ ለሚያመጡልኝ ልጆችም ነግሬያቸዋለሁ፣ በምትኩ ቆሮሶ ይዘው ከመጡ በኪሎ ጨመር አድርጌ እወስዳለሁ።