የድሮ የፍላሽ ጌም አልከፈት ላላችሁ

ከዚራ ኢንተርኔት ቤት ተጥዳችሁ የፍላሽ ጌም ስትጫወቱ ላደጋችሁ የድሬ ልጆች ይቺን ልበላችሁ። አዶቢ የሚባለው ኩባንያ ጌሞቹን የሚያስኬደውን ፍላሽን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ስለተወው ጌሞቹ ብሮውዘር ላይ እንደ ድሮው አይከፈቱም። «ፍላሽ ፕሌየር አፕዴት አድርጉ» የሚል ነገር ብቅ ካለ እንዳትነኩት፤ ቫይረስ ነው የሚያሸክማችሁ።

ይልቅ ራፍል (Ruffle) የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የኮምፒውተሩን አውርዱ። ከዚያ መጨረሻቸው «ኤስደብሊውኤፍ» (.swf) የሆኑትን የጌም ፋይሎች እየጎተታችሁ መስኮቱ ላይ ጣሉ፤ በቃ ይከፈታል። አንዴ ከወረደ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። አቦ፣ በዚህ ሙቀት ቀትር ላይ ከቤት ለማይወጣ ሰው ምን ይገኛል!

አክሽንስክሪፕት 3 በሚባለው የፍላሽ ፕሮግራም ቋንቋ ከተሠሩት አንዳንዶቹ ያስቸግራሉ፤ ከዚያ የቆዩት ግን አብዛኞቹ ሸጋ ናቸው። ስልክ ላይ ባትለፉ ይሻላል፣ ብዙዎቹ ኪቦርድ ይፈልጋሉ።