«አብላራ» ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በስፓኒሽ የኀላፊው ሱብኹንቲቮ (ምኞትን፣ ፍርሃትን ወይም ያልሆነን ነገር ስንናገር የሚመጣው የግስ መልክ፣ ለምሳሌ «አብላራ») እርባታ ራሱ ያን ያህል አያስፈራም። የሚያስቸግረው የት እንደሚገባ ማወቁ ነው። እዚያ ላይ አማርኛችን አንዳንዴ ያግዘናል፣ አንዳንዴ ጉድ ይሠራናል።

መጀመሪያ መነሻውን አትሳቱ። ብዙ ሰው «አብላር» (መናገር) ጫፍ ላይ «አ» ይጨምርና «አብላራ» ይወጣለታል። ልክ ነው፣ ግን በአጋጣሚ። በዚያው መንገድ «ኮሜር»ን (መብላት) «ኮሜራ» ብትሉት እንዲህ የሚባል እርባታ የለም። መነሻው የ«እነሱ» ኀላፊ ጊዜ ነው፦ «ኮሚዬሮን»፣ ማለትም በሉ። «ሮን»ን ቁረጡና «ራ» ተኩበት፣ «ኮሚዬራ» ይመጣል። «ቢቢር» (መኖር) ደግሞ «ቢቢዬሮን»፣ «ቢቢዬራ»። ለየመደቡ (እኔ፣ አንተ፣ እሱ፣ እኛ፣ እናንተ፣ እነሱ) ራ፣ ራስ፣ ራ፣ ራሞስ፣ ራይስ፣ ራን ነው። «ራይስ» የምታስፈልገው ለስፔን ነው፤ ላቲን አሜሪካ ለምትሄዱ ብትዘሏትም ችግር የለም።

ትልቁ ስህተት ያለው «እንዲ» ላይ ነው። እኛ «እንዲናገር እፈልጋለሁ»ም፣ «እንዲናገር ፈልጌ ነበር»ም እንላለን፤ «እንዲናገር» ንቅንቅ አይልም። በስፓኒሽ ግን ዋናው ግስ ወደ ኋላ ሲሄድ ሌላውም ተከትሎት ይሄዳል። «ኪዬሮ ኬ አብሌ» የዛሬው ነው፣ «ኬሪያ ኬ አብላራ» የያኔው። ስለዚህ ፈለግኩ፣ ለመንኩ፣ ፈራሁ የሚል ግስ ጽፋችሁ «ኬ» (የእኛን «እንዲ» የሚተካው ማያያዣ) ካስከተላችሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ግስ መለስ ብላችሁ እዩት። ፈላጊውና ተናጋሪው አንድ ሰው ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም፤ «ኬሪያ አብላር» በቃ።

የስፓኒሹ «ሲ» (የእኛ «ብ» ወይም «ከ») ላይ አማርኛው ይረዳናል። «ስፓኒሽ ብናገር ማድሪድ እሠራ ነበር» ለማለት «ሲ አብላራ ኤስፓኞል፣ ትራባኻሪያ ኤን ማድሪድ» ነው። «ብ» ያለበት ጋ «ራ»፣ «ነበር» ያለበት ጋ «ሪያ»። «ሲ አብላሪያ» አትበሉ። ቡርጎስና ባስክ አካባቢ ተወላጆቹ ራሳቸው ሲሉት ልትሰሙ ትችላላችሁ፣ ፈተና ላይ ግን አያድናችሁም። «ከተናገረ» ለማለት ደግሞ ተራው «ሲ አብላ» ነው እንጂ «ሲ አብሌ» አይደለም።

«ኮሞ ሲ» ለየት ይላል። ወሬው የዛሬ ቢሆንም «ራ»ውን ይፈልጋል፦ «አብላ ኮሞ ሲ ቢቢዬራ አኪ»፣ እዚህ የሚኖር ይመስል ያወራል።

አነባበብ ላይ «አብላራ»ን «ብላ» ላይ ጫን በሉት። መጨረሻው «ራ» ላይ ከጫናችሁ የወደፊት ጊዜ ይሆናል፣ ሲጻፍም የሚለየው መጨረሻው «a» አናት ላይ የምትደረገው ጭረት ናት። እዚህ ጭረት አያስፈልግም፤ «እኛ» ላይ፣ «አብላራሞስ» ስትሉ ብቻ «ብላ» ላይ ትደረጋለች።

«አብላሴ» የሚል ካያችሁ ያው «አብላራ» ነው። ሲያነቡት ማወቅ ይበቃል፤ ስትናገሩ በ«ራ»ው ጽኑ።