ለአደን ሳይለንሰር ከመግዛትዎ በፊት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ወዳጄ ቨርጂኒያ ውስጥ የመጀመሪያ አጋዘኑን የጣለው ባለፈው ኅዳር ነው። ጆሮውን ሳይሸፍን ተኩሶ ኖሮ እስከ ማታ ጭው ሲልበት አመሸ። በማግስቱ ደወለልኝ። «ስማ፣ ያ ሳይለንሰር፣ ድምፅ ማፈኛ የሚሉት ነገር ሕጋዊ ነው እንዴ?»

አዎ፣ ነው። ግን «ሕጋዊ ነው» ብዬ ብቻ ስልኩን ብዘጋ ኖሮ ጉድ አደርገው ነበር። አሜሪካ ውስጥ ይህን ዕቃ የፌዴራሉም የስቴቱም ሕግ ይመለከተዋል። ከውጭ ለመጣን ደግሞ የኢሚግሬሽን ሕግ ይጨመራል። አንዱን አሟልቶ ሌላውን የረሳ ሰው ነው የሚጠመደው።

መጀመሪያ ፊልሙን እንርሳው። ፊልም ላይ ሳይለንሰር የተገጠመለት መሣሪያ «ፒስ» ብሎ ያበቃል። እውነተኛ የአደን ጠመንጃ ሲተኮስ ድምፁ 160 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ማፈኛው ከዚያ ላይ ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። የቀረውም ቢሆን ቀላል ጩኸት አይደለም። ጥይቱ ከድምፅ ሲፈጥን የሚያሰማውን ስንጥቅታ ደግሞ ማፈኛው አይነካውም። አሠራሩ እንደ መኪና ማርሚታ ነው፤ የጋለውን ጋዝ ቀስ አድርጎ ያስወጣዋል። በ1909 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ሂራም ፐርሲ ማክሲም የዚያ የታወቀው የማክሲም መትረየስ ፈጣሪ ልጅ ነው። እና ማፈኛ ቢኖርዎትም ጆሮዎን ይሸፍኑ። «ማንም አይሰማኝም» ብሎ ክልክል ቦታ የሚተኩስም ይሰማል፣ ይያዛልም።

አሁን በብዛት የምሰማው ስህተት «ግብሩ ስለቀረ ምዝገባውም ቀርቷል» የሚለው ነው። አልቀረም። በ1934 የወጣው የፌዴራል ሕግ በእያንዳንዱ ማፈኛ ላይ 200 ዶላር ግብር ጥሎ ነበር። በሐምሌ 2025 የተፈረመው ሕግ ይህን ክፍያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ዜሮ አደረገው። የቀረው ክፍያው ብቻ ነው። አሁንም ፎርም ይሞላል፣ አሻራ ይሰጣል፣ ፎቶ ይያያዛል፣ የጦር መሣሪያን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ የኤቲኤፍ፣ ፈቃድ ይጠበቃል። ፈቃዱ ሳይመጣ ዕቃውን ከሱቅ ይዞ መውጣት የለም። ቤት ውስጥ ልሥራ የሚልም ሰው አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት። በኦንላይን «የጠመንጃ ማጽጃ» እየተባሉ የሚሸጡ ርካሽ ቱቦዎች አሉ። እነሱን በጣም ተጠንቀቁ። ሕጉ ለማፈኛ መሥሪያ የታሰቡ ክፍሎችን ስብስብ ራሱን እንደ ማፈኛ ይቆጥረዋል። ያልተመዘገበ ማፈኛ መያዝ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል።

«የእኔ ስቴት ፈቅዷል፣ ፌዴራል አያገባውም» የሚሉም አሉ። ለእነሱ የካንሳስን ታሪክ ነው የምነግራቸው። ካንሳስ በ2013 አንድ ሕግ አወጣች። በስቴቱ ውስጥ ተሠርቶ ከስቴቱ ያልወጣ መሣሪያ በፌዴራል ሕግ አይዳኝም የሚል ነበር። ቻኑት በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ባለሱቅ ይህን አምኖ ማፈኛ እየሠራ መሸጥ ጀመረ። አንድ የቀድሞ ወታደር ገዛው። በጣም ስለወደደው ቪዲዮ ቀርጾ ፌስቡክ ላይ ለቀቀው። ሁለቱም ተከሰሱ። የስቴታቸውን ሕግ አምነው እንደሠሩ ቢናገሩም በ2016 ጥፋተኛ ተባሉ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2018 ፍርዱን አጸናው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2019 ጉዳዩን አላይም አለ። እስር ባይገቡም በገደብ ተቀጥተዋል። ቴክሳስም በ2021 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች፤ እሱን ብቻ አምናችሁ እንዳትሠሩ።

መያዝና ማደንም አንድ አይደሉም። ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርሲ፣ ኢሊኖይ፣ ማሳቹሴትስ፣ ደላዌር፣ ሮድ አይላንድና ሃዋይ ግለሰብ ማፈኛ እንዲይዝ አይፈቅዱም። ዲሲም እንደዚያው። ኮነቲከት መያዝ ትፈቅዳለች፣ ማደን ግን አትፈቅድም። ቬርሞንት በ2015 መያዝ ፈቀደች፣ ለአደን ግን እስከ 2022 አስጠበቀች። በክልክል መንገድ የተገደለ አውሬ ሥጋ ጭኖ የስቴት ድንበር መሻገር ደግሞ ራሱን የቻለ የፌዴራል ጥፋት ነው።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምንኖር ጣጣው መንገዱ ላይ ነው። ሁለቱም ስቴቶች በማፈኛ ማደንን ይፈቅዳሉ። መሃላቸው ያለችው ዲሲ ናት የማትፈቅደው። ዲሲን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩ፣ እንኳ የውድሮው ዊልሰን ድልድይ ላይ ለአጭር ርቀት ዲሲን ይነካል። መሣሪያው ባዶ ሆኖ፣ እጅ በማይደርስበት ተቆልፎ ከተፈቀደ ቦታ ወደ ተፈቀደ ቦታ የሚያልፍን ሰው የሚጠብቅ የ1986 የፌዴራል ሕግ አለ። የሚጠብቀው ግን የሚያልፍን ሰው ነው። ከአደን ሲመለሱ ዲሲ ውስጥ ዩ ስትሪት ጎራ ብሎ ክትፎ መብላት ማለፍ አይባልም። መጀመሪያ ቤት ይግቡ፣ ዕቃውን ያስቀምጡ፣ ከዚያ ይሂዱ።

ለእኛ ለሐበሾች የሚከብደው ማዋስ ነው። «ለቅዳሜ ብቻ ስጠኝ» ሲባል እምቢ ማለት ያሳፍራል። የተመዘገበው ግን በእርስዎ ስም ነው። እርስዎ አጠገቡ ቆመው ቢተኩስበት ችግር የለም። ይዞት ከሄደ ግን ያለ ፈቃድ እንዳስተላለፉ ይቆጠራል፤ ወንጀሉም የሁለታችሁ ይሆናል። አብረው የሚያድኑ ወንድማማቾች ወይም ባልና ሚስት ትረስት (ንብረት በጋራ የሚያዝበት ሕጋዊ ድርጅት) አቋቁመው በትረስቱ ስም ቢያስመዘግቡ ይሻላል።

የመጨረሻው ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሣሪያ መያዝ ይችላል። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን በመርህ ደረጃ አይችልም። የፀና የአደን ፈቃድ ካለው ነው ሕጉ የሚለቅለት። በፌዴራል ሕግ ደግሞ ማፈኛው ብቻውን፣ ጠመንጃ ባይኖርም፣ እንደ መሣሪያ ይቆጠራል። እነዚያ የካንሳስ ሰዎች በገደብ ተቀጥተው ቤታቸው ገቡ። አንዳቸው ግሪን ካርድ ያዥ ቢሆን ኖሮ ያው የጥፋተኝነት ፍርድ ከአገር ያስባርረው ነበር። ስለዚህ አንድ ነገር ቢፈጠር፣ ጠበቃዎ «ቀላል ነው፣ እመንና ጨርስ» ቢልዎት እንኳ፣ ከመፈረምዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ።

ወዳጄ በመጨረሻ «ለገና አዲስ አበባ ስሄድ ለአጎቴ ይዤለት ብሄድስ?» አለኝ። አይሆንም። ማፈኛ ያለ አሜሪካ መንግሥት የኤክስፖርት ፈቃድ በሻንጣ ይዞ መውጣት የፌዴራል ወንጀል ነው። ለአጎቱ ጃኬት ገዛለት።