ዌጁ መሬት ሲቆፍር፣ ኳሷ ግሪኑን አልፋ ስትሮጥ

ጎልፍ እየተጫወታችሁ ነው፤ ግሪኑ (ሣሩ አጥሮ የታጨደው የጉድጓዱ ዙሪያ) ላይ ወዳለው ጉድጓድ ሠላሳ ያርድ ብቻ ቀርቷችኋል። ትመታላችሁ፤ ዌጁ (ፊቱ ወደ ኋላ የተጋደመው የአጭር ርቀት ዱላ) ከኳሷ ኋላ መሬት ውስጥ ይቀረቀራል፣ ኳሷ ሁለት እርምጃ ሄዳ ትቆማለች። እኔ ለሁለት ዓመት ያህል ጥፋቱን በእጄ ሳሳብብ ኖሬያለሁ። በመጨረሻ የዌጄን ታችኛውን ክፍል ገልብጬ አየሁት። ችግሩ ያለው እዚያ ነበር።

ብዙ ዌጆች ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፏል፤ ለምሳሌ 56 እና 10። የመጀመሪያው ሎፍት ነው፣ ፊቱ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደተጋደመ ይነግራችኋል። ሁለተኛው ባውንስ ነው። ይኼ የዌጁ ሆድ ከፊተኛው ጠርዝ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል የሚያሳይ ማዕዘን ነው። ሆዱ ዝቅ ባለ ቁጥር ዌጁ መሬቱን ከመቆፈር ይልቅ ይንሸራተትበታል። ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ዝቅተኛ፣ ከ7 እስከ 10 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል። ሰው ሲገዛ ሎፍቱን ብቻ ያያል። እኔ ግን መጀመሪያ ባውንሱን እዩ እላለሁ።

ከኳሷ ኋላ መሬቱን ይቆፍራል

የነቀላችሁትን ሣር ተመልከቱ። ጉድጓዱ ጥልቅ፣ ቁራጩ ወፍራም ከሆነ ስዊንጋችሁ (የዱላው ውርወራ) ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው። በዚያ ላይ ባውንሱ ዝቅተኛ፣ መሬቱም ለስላሳ ከሆነ መስመጡ አይቀርም። ዋሽንግተን ያላችሁ የኢስት ፖቶማክን የጎልፍ ሜዳ አስቡት። ሜዳው ያለበት ሄንስ ፖይንት ከፖቶማክ ወንዝ በተዛቀ ደለል የተሠራ ዝቅተኛ መሬት ነው፤ ዝናብ ሲጥል ይረሰርሳል። እንዲህ ላለው መሬትና ለእንዲህ ያለ ስዊንግ ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ባውንስና ሰፋ ያለ ሆድ ያለው ዌጅ ይሻላል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጡ። ኳሷን ወደ ኋላ እግራችሁ አስጠግታችሁ፣ እጃችሁን በጣም ወደ ፊት እየገፋችሁ ከሆነ ያለውን ባውንስ ራሳችሁ እየቀነሳችሁት ነው። ኳሷን ወደ መሃል መልሱና እንደገና ሞክሩ።

ኳሷ ዝቅ ብላ ግሪኑን አልፋ ትሮጣለች

ይኼ የተገላቢጦሹ ነው። ሣሩን እምብዛም የማትነቅሉ ከሆነ ስዊንጋችሁ ጠፍጣፋ ነው። በበጋ ሙቀት የደረቀ የሸክላ አፈር ላይ ከፍተኛ ባውንስ ያለው ዌጅ ይነጥራል፣ ጠርዙም ኳሷን ወገቧ ላይ ያገኛታል። ከ4 እስከ 8 ዲግሪ ያለውን ውሰዱ። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ፊቱን አትክፈቱ (ይበልጥ ወደ ሰማይ አታዙሩት)፤ ሲከፈት ባውንሱ ይጨምራል። ሣሩ በጣም ስስ ከሆነ ደግሞ ሳንድ ዌጁን (ለአሸዋ የሚያገለግለውን) ትታችሁ ሎፍቱ አነስ ባለው በፒቺንግ ዌጅ አንከባልሏት።

ኳሷ ሜዳው ላይ ካለው የአሸዋ ወጥመድ አትወጣም

የጎልፍ ተጫዋቹ ጂን ሳራዘን በ1932 እ.ኤ.አ. ብሪቲሽ ኦፕን የተባለውን ውድድር ሲያሸንፍ ይዞት የገባው ሳንድ ዌጅ ሆዱ እንዲወፍር ተደርጎ የተሠራ ነበር። ምስጢሩ ዛሬም ያው ነው። አሸዋው ጥልቅና ለስላሳ ከሆነ ከፍተኛ ባውንስ፣ ስስ ወይም እርጥብና ጠንካራ ከሆነ ዝቅተኛ።

በሁለት ዌጅ መካከል የርቀት ክፍተት አለ

የዛሬ ፒቺንግ ዌጆች ብዙዎቹ ከ43 እስከ 46 ዲግሪ ናቸው። ቀጣዩ 56 ከሆነ ቢያንስ 10 ዲግሪ ባዶ ቀረ ማለት ነው። አንዱን አለስልሳችሁ ወይም ሌላውን አጠንክራችሁ ለመምታት ትገደዳላችሁ። መሃል ላይ 50 ወይም 51 አስገቡ። በዌጆቹ መካከል ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ልዩነት ይበቃል።

ግሪን ላይ አትቆምም

ኳሷን ይዘው እንድትቆም የሚያደርጓትን፣ ፊቱ ላይ ያሉትን ቦዮች በጥፍራችሁ ዳስሱ። ጭቃ ከሆነ በብሩሽ አጽዱት፤ ጠርዛቸው ካለቀ ዌጁ ይቀየር።

አዲስ ስትመርጡ የመለማመጃው ምንጣፍ ላይ ብቻ ሞክራችሁ አትግዙ። ምንጣፍ ላይ ዌጁ ስለሚንሸራተት ቆፋሪነቱ አይታይም። ሣር ላይ ሞክሩት፣ የሚቻል ከሆነ ዝናብ በጣለ ማግስት። ሁለት የምትይዙ ከሆነም ባውንሳቸውን አታመሳስሉ፦ 56ቱ ከፍተኛ፣ 60ው ዝቅተኛ ቢሆን እርጥቡንም ደረቁንም ሜዳ በአንድ ቦርሳ ትጫወቱበታላችሁ።