ዋቱ ሳይጨምር ትንፋሽ ሲበረታ፦ በከባድ የብስክሌት ልምምድ የጡንቻ ድካምን ለይቶ ኃይልን መመጠን

በጂም ብስክሌት ላይ ዋቱን (ፔዳሉን የሚረግጡበትን የኃይል መጠን) ሳይለውጡ ትንፋሽዎ እየበረታ የሚሄድ ከሆነ፣ ወኔዎ እንደከዳዎት አድርገው አይቁጠሩት። እየደከመ ያለ ጡንቻ ለዚያው ሥራ ከቀድሞው የበለጠ ኦክስጅን ይጠይቃል።

በቀላል ልምምድ የኦክስጅን ፍጆታ በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ውስጥ ከሥራው ጋር ተመጣጥኖ ይረጋል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዋት በደቂቃ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ላክቴት (ጡንቻ በከባድ ሥራ ጊዜ በብዛት የሚያመነጨው ንጥረ ነገር) በደም ውስጥ መከማቸት ከሚጀምርበት ወሰን ሲያልፉ ግን ፍጆታው መርጋቱ ቀርቶ ቀስ እያለ ያሻቅባል። የጭማሪው አብዛኛው ክፍል የሚመጣው ከልብ ወይም ከመተንፈሻ ጡንቻዎች ሳይሆን ፔዳሉን ከሚረግጡት እግሮች ራሳቸው ነው፤ የደከሙት የጡንቻ ክሮች ብቃታቸው ስለሚቀንስ፣ ፈጣን ነገር ግን ቶሎ የሚዝሉና ኃይል አባካኝ የሆኑ ክሮችም ለእርዳታ ስለሚጠሩ ነው።

ይህን በራስዎ ላይ ለማየት 10 ደቂቃ በቀላሉ ያሟሙቁ። ከዚያም አጫጭር ሐረጎችን ብቻ ለመናገር የሚያስችል ዋት መርጠው፣ በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ዙር እየረገጡ ለ8 ደቂቃ ያህል ሳይለውጡት ይቆዩ። የልብ ምትዎን በ3ኛው ደቂቃና በመጨረሻው ላይ ይመዝግቡ፤ የትንፋሽዎን ሁኔታና የጭንዎን ስሜትም አብረው ይጻፉ። መስኮት መክፈት ወይም ማራገቢያ ማብራት ግድ ነው፤ ሙቀት ብቻውን የኦክስጅን ፍጆታ ሳይጨምር የልብ ምትን ሊያፋጥን ይችላልና። ትክክለኛው ልኬት የሚገኘው የሚተነፈሰውን አየር በጭምብል በሚመረምር ላቦራቶሪ ስለሆነ፣ የልብ ምትን እንደ ጠቋሚ እንጂ እንደ ማረጋገጫ አይውሰዱት።

የልብ ምቱም ትንፋሹም ያለማቋረጥ ከጨመሩና ዙሩን መጠበቅ ካቃተዎት፣ ዘልቀው ሊይዙት ከሚችሉት ኃይል በላይ ነዎት ማለት ነው። በዚያ ደረጃ ፍጆታው ወደ ከፍተኛው ጣሪያ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ መቆየት አይቻልም። በቀጣዩ ልምምድ 10 ዋት ያህል ይቀንሱና እንደገና ይሞክሩ።

ይህን የኦክስጅን ፍጆታ ጭማሪ ለመቀነስ አስተማማኙ መንገድ ለሳምንታት በትዕግሥት የሚደረግ መደበኛ የጽናት ልምምድ ነው። ከዋናው ሥራ በፊት 6 ደቂቃ ፔዳሉን ጠንከር አድርጎ ረግጦ 10 ደቂቃ ገደማ ማገገምም ቀጥሎ በሚመጣው ጥረት ላይ የሚታየውን ጭማሪ ይቀንሳል፤ ማሟሟቁ ራሱ የሚያደክም ከሆነ ግን ጥቅሙ ይጠፋል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በዝቅተኛ ቦታ የተለካ ዋት እዚህ ይከብዳል። ሥራው የሚጠይቀው ኦክስጅን አንድ ዓይነት ቢሆንም ሰውነት ሊጠቀም የሚችለው የኦክስጅን ጣሪያ ዝቅ ስለሚል፣ ወደ እንጦጦ ዳገት የሚወጣ ብስክሌተኛ መነሻውን ለስለስ አድርጎ መጀመር ይኖርበታል። የደረት ሕመም ወይም ማዞር ከተሰማዎት ወዲያውኑ ያቁሙ፤ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሙከራውን ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።